ዜማው ሲሰማ ቃሉ የት ገባ?

በአንድ አዲስ የዘፈን አልበም ላይ ሂስ ሲጻፍ ዘወትር የሚነሡት ገጣሚው፣ ዜማ ደራሲውና ድምፃዊው ናቸው። ከቅርብ ዘመን ወዲህ አቀናባሪውም ተገቢ ስፍራውን እያገኘ መጥቷል። አምስተኛውን ሰው ግን የሚያነሣው እምብዛም የለም። ይኸውም የየመሣሪያው ድምፅና የድምፃዊው ልሳን በየብቻቸው ከተቀረጹ በኋላ የትኛው ጎልቶ፣ የትኛው ደብዝዞ፣ የትኛው ቀርቦ፣ የትኛው ርቆ ወደ አድማጭ ጆሮ እንደሚደርስ የሚወስነው የድምፅ ባለሙያ ነው። ሙያው በአልበም ሽፋን ላይ «ሚክሲንግ» ተብሎ ይጻፋል፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ ቅልቅል እንለዋለን።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቅልቅል ለመሐንዲሶች ብቻ የሚተው የመሣሪያ ጉዳይ አለመሆኑን ማሳየት ነው። ቅልቅል የትርጉም ሥራ ነው። ገጣሚው ሌሊቱን ሙሉ መርጦ ያኖረው ቃል በመጨረሻ የሚኖረውም የሚሞተውም በዚህ ባለሙያ ጣት ሥር ነው። ስለዚህ የኪነ ጥበብ ሂስ ቅርጽንና ይዘትን መርምሬአለሁ ሲል፣ ይዘቱ በቅርጹ ውስጥ ተሰምቶ እንደሆነም መጠየቅ ይገባዋል።

በዘመናችን ቀረጻዎች ሁለት ተቃራኒ ጉድለቶች ይታያሉ። አንደኛው መስመጥ ነው። ኪቦርዱ፣ ከበሮውና ቤዝ ጊታሩ ተደራርበው ድምፃዊውን ይውጡታል፤ አድማጩ አንድ ሰው እየዘፈነ መሆኑን ያውቃል እንጂ ምን እንደሚል አያውቅም። ሁለተኛው መንሳፈፍ ነው። የድምፃዊው ልሳን ከሌላው ሁሉ ተለይቶ፣ ዘይት በውሃ ላይ እንደሚንሳፈፍ ከሙዚቃው በላይ ይቀራል፤ ባንዱ በሌላ ቤት ሆኖ የሚጫወት ይመስላል። መስመጥን የተረዱ ሰዎች መድኃኒቱ ድምፅን ከፍ ማድረግ ብቻ ስለሚመስላቸው ከመጀመሪያው ጉድለት ሸሽተው በሁለተኛው ላይ ይወድቃሉ። ተደላድሎ መቀመጥ ግን ከጉልበት የተለየ ነገር ነው። በመድረክ ላይ ዋናው ተዋናይ ሁልጊዜ ከፊት አይቆምም፤ ከኋላ ቆሞም ቢሆን ሌሎቹ ስፍራ ከለቀቁለትና መብራቱ ከተከተለው ዓይን እርሱን አይስተውም። ጥሩ ቅልቅልም እንዲሁ ለቃሉ ስፍራ ይለቃል።

ይህ ጉዳይ በየትኛውም አገር ሙዚቃ ውስጥ ያለ ቢሆንም በአማርኛ ላይ የሚብስበት ምክንያት አለ። አማርኛ በጥብቀትና በልልነት ትርጉም የሚለይ ቋንቋ ነው። «ገና» ሲላላ ያልደረሰ ጊዜን፣ ሲጠብቅ የልደትን በዓል ያመለክታል። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ኖረ ማለት ነው። ፊደላችን ይህን ልዩነት አይጽፈውም፤ የሚያስቀምጠው በአፍና በጆሮ ብቻ ነው። የልዩነቱ መጠን ደግሞ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል የማያልፍ ነው። ይልቁንም እንደ ተ፣ ከ፣ ጠ፣ ቀ ያሉ ድምፆች ሲጠብቁ ጥብቀቱ የሚሠራው በዝምታ ነው። ምላስ አየሩን ዘግቶ ይቆያል፤ ከዚያ ይለቃል። ያች ትንሽ ዝምታ የቃሉ አካል ናት። የድምፅ ባለሙያው በልሳኑ ላይ የገደል ማሚቶ ሲያበዛ የቀደመው ክፍለ ቃል ጭራ ያችን ዝምታ ይሞላታል፤ ዝምታዋ ስትሞላ ጥብቀቱ ይጠፋል፤ ጥብቀቱ ሲጠፋም ትርጉሙ ይናጋል።

ሁለተኛው የቋንቋችን ጠባይ እንደ ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጰ ያሉት ፈንድተው የሚወጡ ድምፆች ናቸው። «መጣ»ን ከ«መታ» የሚለየው አንዲት አጭር ፍንዳታ ናት። የዚህች ፍንዳታ ኃይል የሚገኘው፣ ለቃል መለየት ዋነኛ በሆነውና በግምት ከ2,000 እስከ 4,000 ኸርዝ ባለው የድምፅ ክልል አካባቢ ነው። ክራሩ፣ መሰንቆው፣ የኪቦርዱ ደማቅ ድምፅና የከበሮው ጸናጽል የሚሻሙትም ይህንኑ ክልል ነው። እነዚህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲጮኹ የመጣው ሰው የመታ ሰው ሆኖ ይሰማል።

ጉዳዩ በሰምና ወርቅ ላይ ሲደርስ ደግሞ ከግለሰብ ቃል አልፎ የሥነ ግጥሙን ህልውና ይነካል። ለምሳሌ ያህል ለዚህ ጽሑፍ ሲባል ብቻ የተሠሩትን ሁለት ስንኞች እንመልከት፤

ከደጅሽ ስጣራ ሌሊቱን በሙሉ፣
ይሰማል እያሉኝ ሰዎቹ ያልፋሉ።

ኅብረ ቃሉ «ይሰማል» ነው። ቢጠብቅ አላፊ አግዳሚው አፍቃሪውን ያጽናናዋል፤ ድምፅህ ይደርሳታል፣ ይሰማል ይለዋል። ቢላላ ግን ያስጠነቅቀዋል፤ ባለቤቷ ነቅቷል፣ ይሰማል፣ ዝም በል ይለዋል። ዘፋኙ ቃሉን በሁለቱ መካከል አመዛዝኖ፣ ወይም በመጀመሪያው ዙር አላልቶ በሁለተኛው አጥብቆ ሊጫወትበት ይችላል። እንግዲህ ፉጨታምነቱን ለመቀነስ ተብሎ «ሰ» ያለ ልክ ቢቆረጥ፣ በላዩም ማሚቶ ቢፈስበት፣ አድማጭ የሚደርሰው ሰም የሌለው፣ ወርቅም የሌለው አንድ ጭጋግ ብቻ ነው። ገጣሚው ግጥም አልጻፈም ተብሎ ይወቀሳል፤ ጥፋቱ ግን የእርሱ አልነበረም።

አባቶቻችን ማሽን ሳይኖራቸው ይህን ችግር እንዴት ይፈቱት እንደነበር ማስተዋል ይጠቅማል። አዝማሪ ባለ አንድ አውታር መሰንቆውን እየመታ ሲዘፍን ድምፃዊውም፣ አጃቢውም፣ የድምፅ ባለሙያውም ራሱ ነው። ስንኙን በሚናገርበት ጊዜ ደጋኑ ይለዝባል፤ ስንኙ ሲያልቅ መሰንቆው ይነሣና ይመልሳል። «ተቀበል» ተብሎ ግጥም ሲሰጠው ደግሞ ይበልጥ ይጠነቀቃል፤ ምክንያቱም ተሰብሳቢው የሚስቀውም የሚያዝነውም ቃሉን ከሰማ ብቻ ነው። ባለ አሥር አውታሩ በገና ሌላ መፍትሔ አለው። በአውታሮቹ ላይ የሚደረጉት የቆዳ እንዝራዎች ጥቅጥቅ ያለ እዝታ ይፈጥራሉ፤ ደርዳሪው ግን ከእዝታው ጋር በጩኸት አይፎካከርም። ልሳኑን ዝቅ አድርጎ፣ ቃሉን አዝግሞ ያወጣዋል። የአለሙ አጋን ቀረጻዎች ያደመጠ ሰው፣ ሹክሹክታ የቀረበ ድምፅ ከወፍራም መሣሪያ ጋር ሳይሰምጥ እንዴት እንደሚኖር ይማራል። በያሬዳዊው ዜማም ሥርዓቱ ይህንኑ ይመሰክራል። በመጀመሪያ ቁም ዜማ በልሳን ብቻ ይሰማል፤ ከዚያ ዝማሜው በመቋሚያ ይቀጥላል፤ ከበሮና ጸናጽል የሚገቡት ቃሉ በጆሮ ከተተከለ በኋላ ነው። እነዚህ ሦስት ሥርዓቶች አንድ ነገር ያስተምራሉ፤ ለቃሉ ስፍራ የሚዘጋጀው ገና በአጨዋወቱ ነው እንጂ ከቀረጻ በኋላ በሚደረግ ጥገና አይደለም።

የቀረጻ ታሪካችንም ከዚሁ አንጻር ሊነበብ ይችላል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1910 ባለው ጊዜ ጀርመን ሳሉ በሸክላ ሲቀረጹ ማይክሮፎን ለቀረጻ ሥራ ገና አልዋለም ነበር። ድምፅ የሚገባው በመለከት መሰል ቀንድ ነበረና ልሳኑን ከመሰንቆው ጋር የሚያመዛዝነው ርቀት ብቻ ነበር፤ ለመጉላት ይቀርባሉ፣ ለመለዘብ ይርቃሉ። በማይክሮፎን ዘመን፣ በክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራና በሌሎቹ ታላላቅ ባንዶች ፊት የቆሙት ድምፃውያን የነሐስ መሣሪያዎችን ጉልበት መቋቋም ነበረባቸው። ጥላሁን ገሠሠ እስከ ዛሬ የሚወደስበት ምክንያት የልሳኑ ጉልበት ብቻ አይደለም፤ በዚያ ሁሉ ጉልበት ውስጥ አንዲት ፊደል እንኳ አለመዋጡ ነው።

አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ባሳተማቸው ሸክላዎችና በዚያው ዘመን በወጡት ሌሎች ሥራዎች፣ ባንዱና ድምፃዊው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ክፍል በአንድ ጊዜ ይቀረጹ ነበር። ከቀረጻው በኋላ ብዙ የሚታረም ነገር ስለሌለ ሚዛኑ በልምምድ ላይ ይሠራል። ማህሙድ አህመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣው «እሬ መላ መላ» ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ቴክኒኩ ዛሬ በእጃችን ካለው ጋር ሲመዘን ድኻ ነው፤ ቅንብሩ ግን ባለጠጋ ነው። ቤዙ ከታች ይመላለሳል፤ የትንፋሽ መሣሪያው ስንኝ ሲያልቅ ይመልሳል እንጂ በስንኝ ላይ አይረማመድም፤ የማህሙድ ልሳንም በተከፈተለት መካከል ይቀመጣል። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1986 በአውሮፓ እንደገና ታትሞ ቋንቋውን የማያውቅ አድማጭ ሲቀበለው፣ ያ አድማጭ የወደደው ትርጉሙን ባያውቅም እንኳ የቃሉን መቆረጥና መጥበቅ፣ ማለትም የአማርኛን ምት ነበር ለማለት ይቻላል።

የካሴት ዘመን ሲመጣ ሁኔታው ተለወጠ። ካሴት ሙዚቃን በየገጠሩ ያደረሰ ታላቅ ባለውለታ ነው። ነገር ግን ከካሴት ወደ ካሴት በተገለበጠ ቁጥር ከፍተኛው የድምፅ ክልል ይቀንሳል፣ ሹሹታውም ይጨምራል፤ ይኸውም ቃልን ከቃል የሚለየው ክፍል በመጀመሪያ ይጎዳል ማለት ነው። በዚያው ዘመን ኪቦርድና የኤሌክትሮኒክስ ከበሮ ተስፋፉ። አንድ ሰው በአሥር ጣቱ የነሐሱንም፣ የክሩንም፣ የቤዙንም ተግባር መሥራት ቻለ፤ ኪቦርድ ትንፋሽ አያጥረውምና ለስንኙ ዝም ማለትን ረሳ። መለከት ነፊ አየር ለመሳብ ያቋርጥ ነበር፤ በዚያች ማቋረጥ ቃሉ ያልፍ ነበር። ዛሬ በኮምፒዩተር ላይ የትራኩ ቁጥር ገደብ የለውም፤ ገደብ ያጣውም መደራረቡ ነው።

እዚህ ላይ የለገዳዲን ስም ማንሣት ተገቢ ይሆናል። ለገዳዲ ሲባል የአዲስ አበባና የአካባቢዋ ሰው ሁለት ነገሮችን ያስታውሳል፤ ከተማዋን የሚያጠጣውን ግድብና ትምህርት በሬዲዮን። ሁለቱም ለዚህ ጉዳይ ትምህርት ይሰጣሉ። የትምህርት ሥርጭት በመካከለኛ ሞገድ በሚተላለፍበት ጊዜ የሞገዶቹ መከፋፈያ 9 ኪሎ ኸርዝ በመሆኑ፣ የሚያልፈው ድምፅ በግምት ከ4,500 ኸርዝ ብዙም አይዘልም። ከዚያ በላይ ያለው ጥራት በመንገድ ይቀራል። በዚህ ጠባብ በር ያለፈ ትምህርት፣ አርባና ሃምሳ ልጆች በከበቡት አንድ ሬዲዮ ተሰምቶ ካልገባ ትምህርት አልነበረም። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ሥርጭት መግቢያው ሙዚቃ አናጋሪው ሲጀምር ዝቅ ይላል፤ አናጋሪው ሲያርፍ ከፍ ይላል፤ የጥያቄና የመልስ ቦታ በሙዚቃ ይለያል። ይህ ሥርዓት የአዝማሪው ደጋን ሥርዓት ነው። መምህራን ለሬዲዮ ትምህርት ያደረጉትን ጥንቃቄ ያህል ለዘፈን ግጥም አለማድረጋችን ያስገርማል።

ግድቡ ደግሞ ሌላ ነገር ያስታውሰናል። በክረምት ወደ ለገዳዲ የሚገባው ውሃ ደፍርሶ ይገባል፤ ከተማው የሚጠጣው ግን ጭቃው እንዲዘቅጥ ተደርጎ፣ ተጣርቶ ነው። ውሃ ስለበዛ ብቻ አይጠጣም። «ቅልቅል» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስት ይሆናል፤ የሥራው ግማሽ መቀላቀል ሳይሆን ማጥለል ነውና።

ይህ ማጥለል በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ለሙያው እንግዳ የሆነ አንባቢም ሊረዳው ይችላል። በመጀመሪያ ድምፃዊው ወደ ማይክሮፎን ሲቀርብ የታችኛው የልሳኑ ክልል ይወፍራል፤ ይህን ውፍረት ከ100 ኸርዝ በታች መቀነስ ለቤዙና ለከበሮው ስፍራ ይሰጣል፣ ከልሳኑም ብዙ አያጎድልም። ቀጥሎ ልሳኑን ከማጉላት በፊት ልሳኑን የሚሻሙትን ኪቦርድና ጊታር ከ2,000 እስከ 4,000 ኸርዝ ባለው ክልል በጥቂቱ ዝቅ ማድረግ ይቀድማል። ሦስተኛ፣ ከፍና ዝቅ የሚለውን ድምፅ የሚያቀራርበው ኮምፕረሰር የተባለው መሣሪያ ሥራውን እጅግ ፈጥኖ ከጀመረ የጠንና የቀን ፍንዳታ በመነሻው ይጨፈልቀዋል፤ ጥቂት ሺሕኛ ሰከንዶች ታግሦ ቢጀምር ፍንዳታው ያመልጣል፣ ቃሉም ጥርት ይላል። አራተኛ፣ ማሚቶው ከቃሉ ከ20 እስከ 40 ሺሕኛ ሰከንድ ዘግይቶ እንዲነሣና አጭር እንዲሆን ቢደረግ ስፋት ይሰጣል፣ ዝምታዋንም ከመሙላት ይቆጠባል። በመጨረሻም ማሽን የማይተካው ሥራ አለ፤ ግጥሙን ፊት ለፊት ዘርግቶ፣ ኅብረ ቃሉ የወደቀበትን ስፍራ አስምሮ፣ ልሳኑን በእጅ ቃል በቃል ከፍ ዝቅ ማድረግ ነው።

በጎ ምሳሌዎች የሉም ማለት አይደለም። እጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) እ.ኤ.አ. በ2001 ከቢል ላስዌል ጋር ያወጣችውን፣ በስሟ የተጠራውን አልበም እንውሰድ። ሄርቢ ሃንኮክን፣ ዌይን ሾርተርንና ፋሮዋ ሳንደርስን የመሰሉ ታላላቅ ሙዚቀኞች የተሳተፉበት ሥራ ስለሆነ ለመስመጥ የሚያሰጋ ነበር። ይሁን እንጂ ከባዱ ክብደት ከታች በቤዙ ላይ ስለተጣለ መካከለኛው ሜዳ ለእርሷ ቀርቷል። ማሚቶው አንዳንድ ጊዜ ከልክ ያልፋል፤ እንጉርጉሮን ያሳምራል፣ ስንኝን ግን ያርቃል። ከአገር ውስጥ ሥራዎች ኤልያስ መልካ ያቀናበረውን የኢዮብ መኮንንን «እንደ ቃል» ማንሣት ይቻላል። የሬጌው ጊታር ከምቱ ወዲያ ማዶ አጭር ሆኖ ይመታል፤ በሁለት ምቶች መካከልም ለሻካራውና ዝግ ላለው የኢዮብ ልሳን በር ይከፈታል። ሁለቱም ባለሙያዎች ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ኢዮብ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ኤልያስ በ2019 አርፈዋል። የተዉልን ትምህርት ግን የቅንብር ቁጠባ የቅልቅል ግማሹ መሆኑን ነው።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ተገቢም ነው። የጭፈራ ሙዚቃ ለወገብና ለትከሻ እንጂ ለጆሮ ብቻ አልተሠራም፤ በእስክስታና በሆታ ውስጥ የሰው ድምፅ ራሱ ከበሮ ነው፤ በሕዝብ ጭፈራ ተቀባዮቹ የሚሉት ቃል ከምቱ አይነጠልም ይባላል። እውነት ነው። ልሳን እንደ መሣሪያ የሚያገለግልበት ስፍራ አለና በዚያ ስፍራ ልሳኑ በምቱ ውስጥ ቢገባ ጥፋት አይሆንም። ነገር ግን በሆታው ውስጥ እንኳ አውራጁ አለ። ተቀባዩ የሚቀበለው አውራጁን ስለሰማ ነው። አውራጁ የማይሰማበት ጭፈራ ወዲያው ይበተናል። ስለዚህ ልዩነቱን መለየት ያስፈልጋል፤ የተቀባዩ ድምፅ ከምቱ ጋር ይዋሐድ፣ የአውራጁ ግን ይሰማ።

ሌላም ሊታሰብ የሚገባ ነገር አለ። ከሰበታ እስከ ሱሉልታ፣ ከቡራዩ እስከ ለገዳዲ ያለው አድማጭ አማርኛንም ኦሮምኛንም በአንድ ቀን፣ በአንድ ሚኒባስ ውስጥ ይሰማል። «ለገ» የሚለው የስፍራው ስም መነሻ ራሱ በኦሮምኛ ወንዝ ማለት ነው። ኦሮምኛም ይጠብቃል፣ ይላላል፤ በተጨማሪ የአናባቢው መርዘምና ማጠር ትርጉም ይለያል፤ መሬት ማለት የሆነው ቃል አናባቢዎቹ ሲረዝሙ ለስላሳ ማለት ይሆናል። የማሚቶ ጭራ አጭሩን አናባቢ ሲያስረዝመው ጉዳቱ ከአማርኛው አያንስም። ስለዚህ ከውጭ አገር የተቀዳ፣ ለሌላ ቋንቋ የተዘጋጀ የቅልቅል ልማድ በእኛ ልሳኖች ላይ ሳይመረመር ሊጫን አይገባውም።

የነገሩ ክብደት የሚታየው ውጤቱ ሲታሰብ ነው። አብዛኛው ሕዝባችን ግጥምን የሚያገኘው በመጽሐፍ ሳይሆን በዘፈን ነው። ልጆች ቅኔያዊ አነጋገርን፣ ምሳሌንና ኅብረ ቃልን የሚለምዱት በአብዛኛው ከዚያው ነው። ቃሉ ካልተሰማ ግን አድማጩ ቃልን መጠበቅ ይተዋል። አድማጩ ቃልን መጠበቅ ሲተው ገጣሚው መድከም ይተዋል፤ የማይሰማ ስንኝ ለማሳመር ማን ሌሊቱን ይነጋል? ከዚያ ወዲያ ጥቂት የታወቁ ቃላት፣ ዓይንሽ፣ ልቤ፣ ናፍቆትሽ የሚሉት፣ ዙሪያውን እየተመላለሱ ግጥም ተብለው ይቀርባሉ። እኛም ሂስ ጸሐፊዎች የዘመኑ የዘፈን ግጥም ደከመ ብለን እንጽፋለን። ደካማው ግጥም ደካማውን ቅልቅል እንደሚያመጣው ሁሉ፣ ደካማው ቅልቅልም ደካማውን ግጥም ይወልደዋል።

መፍትሔው በአንድ ሰው እጅ አይደለም። የድምፅ ባለሙያው ሥራውን ሲጀምር የግጥሙ ጽሑፍ፣ የሚጠብቁት ቃላት ምልክት ተደርጎባቸው፣ በጠረጴዛው ላይ ሊኖር ይገባል። ገጣሚው ሥራው አልቆ ከመታተሙ በፊት አንድ ጊዜ ተጠርቶ ሊያደምጥ ይገባል። ጥራቱ የሚፈተነው በስቱዲዮው ውድ ድምፅ ማጉያ ብቻ ሳይሆን በትንሽ ሬዲዮ፣ በስልክና ከመገናኛ ወደ ለገጣፎና ለገዳዲ በሚጓዝ ሚኒባስ ውስጥ፣ ሞተሩ እየሠራና ረዳቱ እየተጣራ ሊሆን ይገባል። ከሁሉም ይልቅ ፈታኙ ዘፈኑን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ይሁን፤ ግጥሙን በቃሉ የያዘ ሰው ያልተሰማውንም ተሰማኝ ይላልና። መምህራንም በክፍል ውስጥ የዘፈን ግጥም ሲያስተምሩ ተማሪው ከቀረጻው ሰምቶ እንዲጽፍ ቢያደርጉ፣ የተሳሳቱት ቃላት የተማሪው ሳይሆኑ የቀረጻው ስሕተት መሆናቸውን በብዙ ስፍራ ያገኙታል። ሂስ ጸሐፊዎችም ይህን ባለሙያ በስሙ ጠርተን፣ ሲያጠፋ ልንወቅሰው፣ ሲያለማም ልናመሰግነው ይገባናል። እስከ ዛሬ ድረስ አንዱንም አላደረግንለትም።